ገንዘቡ ተገልጋዩ ጋ የሚደርሰው በማን እጅ ነው? ስለ ድጎማ ማሻሻያ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ሁለት የድሮ ባልደረቦቼ በአንድ ቀን ላኩልኝ። አንዷ ከሥሩ «ይሄን አንብበሽ ዝም ትያለሽ?» ብላ ጽፋለች። አነበብኩት። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጽሑፉ መንግሥታት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጡትን ድጎማ ስለሚያሻሽሉበት መንገድ ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። መንግሥት የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝ እየቆጠረ ከሚከፍል ገንዘቡን በጥቅል ቢሰጥ ድርጅቶቹ ነፃ ይሆናሉ። አገልግሎቱ በጨረታ ሲወጣ ርካሽም የተሻለም ይሆናል። አስተዳደራዊ ወጪ ሲገደብ ገንዘቡ በቀጥታ ተገልጋዩ ጋ ይደርሳል። ክፍያ ከውጤት ጋር ሲታሰር ሠሪውና ሰነፉ ይለያል። በመጨረሻም፣ የሚያማርሩት ሶሻል ወርከሮች (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች) የሚከራከሩት ለደመወዛቸው ነው፤ የጎደለውን ለጋሾችና በጎ ፈቃደኞች ይሞሉታል።

እኔ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ከቤታቸው ከወጡ ልጆች ጋር፣ ኋላ ደግሞ ቤት ውስጥ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር ነው የሠራሁት። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ግን ያሉትን አንድ በአንድ እመልሳለሁ፤ ትክክል የሆኑበትንም አልደብቅም።

ከጥቅል ድጎማው ልጀምር። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ጸሐፊው አሮጌው አሠራር ድርጅቶቹን እጅ ከወርች አስሮ ነበር ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ምሳሌ አድርገው ያነሱት ሆንግ ኮንግን ስለሆነ እኔም እዚያው ልቆይ። እዚያ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ መንግሥት የሚከፍለው በሥራ መደብ ቁጥር ነበር። ስንት ሰው ይቀጠር፣ በምን ደረጃ፣ በምን የትምህርት ማስረጃ፣ ሁሉም የሚወሰነው ከላይ ነው። ደመወዙ ከመንግሥት ሠራተኛ እርከን ጋር አብሮ ይሄዳል። ከአንድ የወጪ ርዕስ ወደ ሌላው ገንዘብ ማዛወር ራስ ምታት ነበር። የተረፈ ገንዘብ ይመለሳል። አንድ ድርጅት «ሁለት የቢሮ ሠራተኛ ቀንሼ አንድ ሶሻል ወርከር ልጨምር» ቢል ደብዳቤ ሲያመላልስ ወራት ይፈጅበታል። ይሄ አሠራር መቀየር ነበረበት። እስከዚህ አንጣላም።

በ2001 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጥቅል ድጎማው መጣ። «በዓመት ይሄን ያህል ውሰዱ፣ አጠቃቀሙን እናንተ ታውቃላችሁ» ተባለ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ቀመሩ ላይ አይደርሱም። ነገሩ ያለው ግን ቀመሩ ውስጥ ነው። መንግሥት የየድርጅቱን ጥቅል ሲያሰላ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ የወሰደው የደመወዝ እርከኑን መካከለኛ ነጥብ ነው። በላዩ ላይ ለሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ 6.8 በመቶ ጨመረ። ለሌሎች ወጪዎች የሚሆነው ለብቻው ይታሰባል። ከዚህ መለኪያ በላይ ያወጡ የነበሩ ድርጅቶች በጊዜ ሂደት ወደ መለኪያው እንዲወርዱ ነበር እቅዱ።

አሁን አንዲት ሶሻል ወርከር አስቡ። ስትቀጠር ከእርከኑ ሥር ትጀምራለች። ዓመት በቆየች ቁጥር አንድ ደረጃ ትወጣለች። ዓመታት ከቆየች በኋላ መካከለኛውን ነጥብ ታልፋለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለድርጅቱ ጉድለት ናት ማለት ነው። ምን አጠፋች? ምንም። ሥራዋን ቻለችበት። ቤተሰቦቹን በስም አወቀች። የትኛው አባት ሲጠጣ እንደሚደበድብ፣ የትኛዋ እናት «ደህና ነኝ» ስትል ደህና እንዳልሆነች ለየች። ቀመሩ ይሄን አያይም። በቀመሩ ዓይን ሠራተኛ የሚቆይለት ድርጅት ገንዘብ ይጎድልበታል፤ ሠራተኛው በየሁለት ዓመቱ የሚለቅበት ድርጅት ደግሞ ይተርፈዋል። የተረፈውንም እስከ ዓመታዊ የሥራ ማስኬጃ ወጪው 25 በመቶ ድረስ በመጠባበቂያነት መያዝ ተፈቅዶለታል። እዚህ ውስጥ ክፉ ሥራ አስኪያጅ መፈለግ አያስፈልግም። ደጉም ሰው ቢሆን ሒሳቡ ወደዚያው ይገፋዋል።

የተከተለውም ይሄው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ለነበሩት ነባር ሠራተኞች ውላቸው እንዳይጓደል የመሸጋገሪያ ድጎማ ተሰጠ፣ ግን ጊዜያዊ ነበር። ከዚያ በኋላ የተቀጠሩት ብዙዎቹ በአጭር ኮንትራት፣ ከመንግሥት እርከን በተላቀቀ ደመወዝ ገቡ። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ አንድ ዓይነት ዲግሪ ያላቸው፣ እኩል ኬዝ (የሚከታተሉት የተገልጋይ ጉዳይ) የያዙ ሁለት ሰዎች የተለያየ ደመወዝ ይበላሉ። በላዩ ላይ ደግሞ በእነዚያው ዓመታት የመንግሥት የበጀት ቅነሳ መጣ። በኖቬምበር 2007 እ.ኤ.አ. ሶሻል ወርከሮቹ ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሥራ ሲያቆም ምን ያህል እንደሚከብደው የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ፋብሪካ ዘግተህ አትወጣም፣ የምታውቀውን ሰው ትተህ ነው የምትወጣው።

መንግሥት በማግስቱ ዓመት ገለልተኛ ገምጋሚ ኮሚቴ አቋቋመ። ጸሐፊው «ኮሚቴው ሥርዓቱ ይቀጥል ብሏል» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ብሏል። ያልነገሩን ግን ያው ኮሚቴ 36 የማስተካከያ ምክረ ሐሳብ አብሮ ማቅረቡን ነው። ከዚያም ለሠራተኞች ሥልጠናና ለድርጅቶቹ አሠራር ማሻሻያ 1 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ፈንድ ተቋቋመ። ጥቅሉ በራሱ በቂ ቢሆን ኖሮ ለሥልጠና ሌላ ፈንድ ለምን አስፈለገ? ሥልጠና እኮ ድርጅት ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚቆርጠው ነገር ነው። ተቆርጦ ስለነበር ነው የተመለሰው።

«ነፃነት» ስለሚሉት ነገር የራሴን ልጨምር። የሠራሁበት አንድ ድርጅት ድጎማው ወደ ጥቅል ከተቀየረ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ቅነሳ መጣበት። ሥራ አስኪያጁ ሰብስበው ሦስት አማራጭ አቀረቡልን። የሌሊት ተረኛን መቀነስ፣ ሱፐርቪዥን (ነባሩ የጀማሪውን ሥራ የሚከታተልበትን) ማቆም፣ ወይም ደመወዛቸው ከፍ ያለ ሁለት ነባሮችን ማሰናበት። እኝህ ሰው ጨካኝ አልነበሩም፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ድሮ ቢሆን ኖሮ «መንግሥት ቆረጠ» ይሉ ነበር። አሁን ግን መንግሥት «ውሳኔው የእናንተ ነው» ብሏቸዋል። ከነባሮቹ አንዷ ሄደች። አሥራ አንድ ዓመት የቆየች ሴት። አንድ ልጅ ከመጥፋቱ በፊት እንዴት ዝም እንደሚል የምታውቀው እሷ ነበረች። ከሄደች በኋላ በነበሩት ወራት ከማዕከሉ የሚጠፉ ልጆች በዙ። ሪፖርታችን ላይ የተጻፈው ግን «የሠራተኛ ወጪ ቀንሷል» የሚል ነው። ይሄን ነፃነት ብሎ መጥራት ይከብደኛል። የመቁረጡ ሸክም ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ በቃ። ለዚህ ድርጅት ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ነበር።

ወደ ጨረታው እንሂድ። ጸሐፊው ውድድር ዋጋ ይቀንሳል፣ ጥራት ይጨምራል ይላሉ። ለመንገድ ሥራ ወይም ለኮምፒውተር ግዢ ይሄ ይሠራ ይሆናል። እኛ ጋ ግን የአገልግሎቱ ዋጋ ማለት የሰው ሰዓት ማለት ነው። ከወጪው አብዛኛው ደመወዝ ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት ከሌላው 20 በመቶ ዝቅ ብሎ ሲጫረት የቀነሰው ከሦስት ነገር አንዱን ነው፦ ደመወዙን፣ ሰዓቱን ወይም የሠራተኛውን ልምድ። አራተኛ ነገር የለም። ካለ ያሳዩኝ።

እንግሊዝን እንይ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የጤናና የማኅበረሰብ እንክብካቤ ሕግ ከ1993 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል፣ የአካባቢ መስተዳድሮች ከተሰጣቸው ልዩ የሽግግር ገንዘብ ውስጥ 85 በመቶውን ከመንግሥት ውጪ ላሉ አቅራቢዎች እንዲያውሉ ተገደዱ። ገበያ ተፈጠረ። ከዚያ በኋላ ምን መጣ? ቤት ለቤት እየሄደ አረጋውያንን የሚረዳው ሠራተኛ ለአንድ ሰው የሚመደብለት ጊዜ እያነሰ ሄዶ 15 ደቂቃ የደረሰበት ቦታ ሁሉ ነበር። 15 ደቂቃ! አንዲት አቅመ ደካማ ከአልጋ ተነስታ፣ ታጥባ፣ ለብሳ፣ መድኃኒቷን ወስዳ፣ «እንዴት አደሩ» ተብላ? በ2015 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የጤናና እንክብካቤ ደረጃ አውጪ ተቋም ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር ከግማሽ ሰዓት በታች የሆነ ጉብኝት እንዳይታዘዝ መመሪያ ማውጣት ግድ ሆነበት። ውድድሩ ጥራት ጨምሮ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልተደረሰ ነበር።

ጨረታ ሌላም ነገር ይዞ ይመጣል፤ የኮንትራት ማብቂያ ቀን። ብዙ ጊዜ የዓመት ኮንትራት ነው፣ ወይም የሦስት ዓመት። ሠራተኛው ይሄን ቀን ያውቃል። ልጅ አለው፣ የቤት ኪራይ አለበት። ስለዚህ ማብቂያው አራት ወር ሲቀረው ሲቪውን ማስተካከል ይጀምራል። ጥሩዎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ምክንያቱም ጥሩዎቹ ቀድመው ሥራ ያገኛሉ። ኮንትራቱ ቢታደስ እንኳ ሰዎቹ የሉም።

አንድ ነገር ላንሳ፤ ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ኬዟ ወደ እኔ መጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛዋ ነበርኩ። የመጀመሪያዋ ፕሮጀክቱ «ፌዝ አውት» አድርጎ፣ ማለትም ጊዜው አልቆ ተዘግቶ፣ ነው የሄደችው። ሁለተኛው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አላየችኝም። ከዚያ ቀና ብላ «ከመጀመሪያው ልጀምር ወይስ ፋይሉ ላይ አለ?» አለችኝ። በጣም በጨዋነት ነው የጠየቀችው። ልታግዘኝ ነው የፈለገችው። ያንን ታሪክ፣ የእንጀራ አባቷን ታሪክ፣ ለሁለት ሰው ተናግራዋለች፤ ሁለቱም ሄደዋል። «ፋይሉ ላይ አለ፣ አትድከሚ» አልኳት። ፋይሉ ላይ ግን ግማሹ እንኳ አልነበረም። እኔም ከስምንት ወር በኋላ ኮንትራቴ አለቀ።

ጸሐፊው ስለ ውድድር ሲጽፉ ይሄንን ወጪ የት ጋ እንደመዘገቡት ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ።

ስለ አስተዳደራዊ ወጪ። ይሄኛው ነጥብ ሰው ጆሮ ውስጥ ቶሎ ይገባል። «ከመቶው ብር ዘጠናው ተገልጋዩ ጋ ይድረስ» ሲባል ማን ይቃወማል? እኔም ስጀምር እንደዚያ ነበር የማስበው። ችግሩ «አስተዳደራዊ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ሲታይ ነው። ልጆቹ ያሉበት ድረስ የሚወስደው መኪና ነዳጅ አስተዳደራዊ ነው? ጀማሪዋን ሶሻል ወርከር በሳምንት አንድ ሰዓት ቁጭ ብላ «ይሄን ኬዝ እንዴት ያዝሽው?» የምትላት ሱፐርቫይዘርስ? ፋይል የሚቆለፍበት ካቢኔት? የልጅ ምሥጢር ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው እሱ ነው እኮ።

ይሄ የቃል ጨዋታ አይደለም፣ ሰው የጎዳ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ ሰው «ሰባ ሠላሳ» ይለው የነበረው። ቁጥሩ ሲታይ ለጋስ ይመስላል። በኋላ የወጣው መመሪያ ግን እንደ መጓጓዣ፣ ሥልጠና፣ ክትትልና ግምገማ ያሉ የሥራው ዋና አካል የሆኑ ወጪዎችን ሁሉ ወደ አስተዳደራዊው ጎራ ከተታቸው። ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ይተነፍስ ይሆናል። ሥራው ሰውን ማማከር፣ ማሠልጠንና መከታተል የሆነ ድርጅት ግን ሥራውን በሠራ ቁጥር ሕግ ጣሰ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረደ፤ ነገር ግን አስተዳደራዊ ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው መሆኑን በትርጉም አጠበበ። እዩት እንግዲህ፣ ቁጥሩ ወርዶ ድርጅቶቹ እፎይ አሉ። ዋናው ነገር መቶኛው እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሜሪካም በሌላ መንገድ እዚሁ ደርሳለች። የፌዴራል መንግሥቱ የራሳቸው የተደራደሩበት ተመን ለሌላቸው ድርጅቶች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተዘዋዋሪ ወጪ (እንደ አስተዳደር ላለው) 10 በመቶ ይፈቅድ ነበር። አልበቃም። በኦክቶበር 2024 ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረገው። የእንግሊዝ ግምጃ ቤትም ገና በ2002 እ.ኤ.አ. መንግሥት ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች አገልግሎት ሲገዛ ተገቢውን የአስተዳደር ወጪ ጨምሮ ሙሉ ዋጋውን መክፈል አለበት ብሎ ነበር። ማለቱ ጥሩ ነው፤ የሚገዛው የመንግሥት አካል ሁሉ ግን አልሰማም። ካልተከፈለ ደግሞ ወጪው አይጠፋም። ሶሻል ወርከሯ ማታ ቤቷ ሪፖርት ትጽፋለች፣ በራሷ ስልክ ካርድ ትደውላለች፣ በራሷ ገንዘብ ትራንስፖርት ትከፍላለች። እኔ ዘጠኙንም ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ይሄ ወጪ የትኛውም ኦዲት ላይ አልተጻፈም።

በውጤት ክፍያ ላይ ብዙ አልቆይም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሰው ሥራው ምን እንዳመጣ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። ግን ገንዘብ ከቁጥር ጋር ሲታሰር ቁጥሩ ያምራል፣ ሰውየው ባለበት ይቀራል። በ2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ «የተቸገሩ ቤተሰቦች» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። መስተዳድሮች ሕይወቱ ለተለወጠ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እስከ 4,000 ፓውንድ ይከፈላቸዋል። በ2015 መንግሥት ከ117,000 በላይ ከሚሆኑት ቤተሰቦች ውስጥ 99 በመቶ ያህሉ ተለውጠዋል ብሎ አወጀ። 99 በመቶ። በዚህ ሥራ አንድ ሳምንት የሠራ ሰው ይሄን ቁጥር ሲሰማ ይደነግጣል። በ2016 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ግምገማ ፕሮግራሙ ያመጣው ጎልቶ የሚታይና ወጥ የሆነ ለውጥ አላገኘም። ከሠራተኞቹ ውስጥ የለፉ አልነበሩም እያልኩ አይደለም፤ በደንብ የለፉ ነበሩ። የሚከፈለው ግን ለድካማቸው ሳይሆን ቅጹ ላይ ለሚሞላው ሣጥን ነበር። ሌላም አለ። እዚያው አገር ከእስር ለሚወጡ ሰዎች የሚደረገው ክትትል ከ2014 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ለ21 ድርጅቶች በከፊል በውጤት ክፍያ ተሰጠ፤ ኮንትራቶቹ ከጊዜያቸው በፊት ተቋርጠው በ2021 ሥራው ወደ መንግሥት ተመለሰ።

ደግሞም የኔ ሥራ ውጤት ብዙ ጊዜ ያልሆነ ነገር ነው። ያልተደበደበ ልጅ። ያልጠፋች ልጅ። ያልተደወለ የፖሊስ ስልክ። ይሄን በየትኛው ሣጥን እንሙላው? ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ሳይመድቡ ውጤቱን ብቻ መጠየቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ። ጸሐፊው «ለራሳቸው ነው የሚከራከሩት» ይላሉ። እሺ፣ አዎ፣ ለራሴም ተከራክሬያለሁ። አላፍርበትም። ግን «ለራስ» እና «ለተገልጋይ» የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብለው የሚያስቡት ለምንድን ነው? ያቺ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚያስፈልጋት የሚቆይ ሰው ነው። ሰው የሚቆየው ደግሞ መኖር ሲችል ነው። የኔ ደመወዝና የሷ መረጋጋት አንድ ናቸው። መጽሔት ላይ የሚወጣ ፍልስፍና አይደለም ይሄ፣ በየወሩ መጨረሻ የምታገኘው ነገር ነው።

አውስትራሊያ ይሄን በሕግ አየችው። በ2012 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሥራ ጉዳይ ዳኝነት አካል የማኅበራዊና የማኅበረሰብ አገልግሎት ሠራተኞች ደመወዝ ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ሥራው የሴቶች ሥራ ተብሎ መቆጠሩ ነው በሚል፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከ23 እስከ 45 በመቶ ጭማሪ እንዲደረግ አዘዘ። ከዚህ ትእዛዝ በላይ እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ የተደረገው ነው። የፌዴራል መንግሥቱ በሚደጉማቸው አገልግሎቶች ውስጥ ከጭማሪው የሚደርስበትን ድርሻ ከካዝናው ለመክፈል ቃል ገባ፣ በሕግም ፈንድ አቋቋመለት። «ደመወዝ ጨምሩ፣ ገንዘቡን ግን ከሌላ አምጡ» አላለም። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል። ብዙ አገር ላይ የሚሆነው ሁለተኛው ነው፤ ዝቅተኛው ደመወዝ ይጨምራል፣ ጥቅሉ ግን ባለበት ይቆያል፣ ድርጅቱ ሰው ይቀንሳል።

ለጋሾችና በጎ ፈቃደኞች ክፍተቱን ይሞሉታል የሚለው የመጨረሻ ነጥባቸው ነው። በጎ ፈቃደኞችን እወዳቸዋለሁ፣ ብዙዎቹ አሁንም ጓደኞቼ ናቸው። ግን በጎ ፈቃደኛ የሚያሠለጥን፣ የሚመድብ፣ ልጆቹ ጋ ከመግባቱ በፊት ማንነቱን የሚያጣራ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ደሞዝተኛ ነው፤ ያውም በጸሐፊው አቆጣጠር አስተዳደራዊ ወጪ ውስጥ የሚገባ። ሲንጋፖር እነዚህን ድርጅቶች ለረጅም ዓመታት «የበጎ ፈቃድ የደኅንነት ድርጅቶች» ስትላቸው ቆይታ በ2018 እ.ኤ.አ. «የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት» ወደሚል ስም ቀየረች። ሥራው የሙያ ሥራ መሆኑ በስሙ እንዲታይ ተፈልጎ ነው።

ለጋሽም ቢሆን መንግሥት ሲቆርጥ እሱም የሚቆርጥበት ጊዜ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ የግል ልገሳ ቀነሰ፣ ያውም የሚቸገረው ሰው በበዛበት ሰዓት። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን ሲያግድ በብዙ አገሮች ያሉ ድርጅቶች ሥራቸውን በቀናት ውስጥ አቆሙ። ለጋሽ የት ነበር? ደግሞ ለጋሽ ይመርጣል። ፎቶዋ ለሚያምር ሕፃን ይሰጣል፣ ይባርከው። ከእስር ለወጣ ሰው፣ አእምሮው ለታመመ ጎልማሳ፣ ልጇን ለተቀማች ሱሰኛ እናት ግን ማን ይሰጣል? እነሱ ጋ የሚደርሰው የሕዝብ ገንዘብ ብቻ ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የጨረሱት «ተቺዎች አማራጭ አያቀርቡም» ብለው ነው። አቀርባለሁ። ጥቅል ድጎማው ይቀጥል፣ ግን ቀመሩ መካከለኛውን ነጥብ ትቶ በሥራ ላይ ያለውን ሠራተኛ እውነተኛ ደመወዝ ይውሰድ፣ ከኑሮ ውድነት ጋርም በየዓመቱ ይስተካከል። ኮንትራት ከአምስት ዓመት አይነስ፤ የማይታደስ ከሆነም ድርጅቱ ስድስት ወር ቀድሞ በጽሑፍ ይነገረው፣ ኬዞቹን በሥርዓት ለሌላ ሰው እንዲያስረክብ። ጨረታ ሲወጣ የሰዓት ዋጋ ወለል ይቀመጥለት፣ ከዚያ በታች የሚጫረት ይውደቅ። ሱፐርቪዥን፣ ሥልጠናና መጓጓዣ የሥራው ወጪ ተብለው ይመዝገቡ። መጠባበቂያ ያከማቸ ድርጅት ደግሞ ያንን ገንዘብ ከሠራተኞቹ ደመወዝ ቀንሶ እንዳላጠራቀመው በየዓመቱ በይፋ ያሳይ። ሪፖርት ላይም አንድ ቁጥር ይጨመር፦ በዓመቱ ውስጥ ሶሻል ወርከር የተቀየረባቸው ተገልጋዮች ስንት ናቸው፣ ስንት ጊዜ? ይሄን ለመቁጠር ምንም ወጪ የለውም፤ ፋይሎቹ ላይ ስሞቹ አሉ። ጸሐፊው ከሚያውቋቸው ድርጅቶች አንዱን ጠይቀው ይሄንን ቁጥር ቢያመጡልን፣ ቀጣዩን ውይይት ከእሱ እንጀምራለን።